ጉድ ዩል! በስቶክሆልም አሮጌ ከተማ የገና አስጎብኚ ሆኜ የተዋረድኩበት ቀን

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ስቶክሆልም የምንኖር ወላጆች ልጆቻችን አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ቅዳሜ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። አንድ ቀን ቡና ላይ አንዷ እናት «አንተ ቀልድ ታውቃለህ፣ ጋምላ ስታንንም ታውቃለህ፤ ለምን ለገና በአማርኛ እያሳቅህ አታስጎበኘንም?» አለችኝ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል። ሳላስብ «ምን ችግር አለው!» አልኩ።

ችግርማ ነበረው።

ይህን የምጽፈው ኦስሎም ሁኑ ፍራንክፈርት፣ ዘመድ መጥቶባችሁ ወይም ማኅበር ለምኗችሁ «ኑ፣ አሮጌውን ከተማ በገና መብራት ላሳያችሁ» ልትሉ ለተዘጋጃችሁ ሰዎች ነው። እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ውስጥ እናንተ አትግቡ።

ጋምላ ስታን ቃል በቃል «አሮጌው ከተማ» ማለት ነው። ስቶክሆልም የተቆረቆረችበት ደሴት ነው፤ የከተማዋ ስም በጽሑፍ የተገኘው በ1252 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መንገዱ ጠባብ፣ መሬቱ ድንጋይ ንጣፍ፣ ቤቶቹ ቢጫና ቀይ። በገና ሰሞን በየመስኮቱ መብራት ይበራል። ቦታው ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። እኔ ግን ያን አላመንኩም፤ ሁሉንም በቀልድ ልሙላው አልኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት የሰው ቀልድ መስረቅ ነው። ከፍዬ በስዊድንኛ የሚመራ የገና ጉብኝት ገባሁ። አስጎብኚው ፋኖስ ይዞ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ ከኋላ ሆኜ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀልድ ይዤ ቤቴ ገባሁና ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኳቸው። አንዱ ስለ ዶናልድ ዳክ ነበር። ስዊድኖች በገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24 ልክ 15፡00 ሲል፣ ቤተሰብ ሰብስበው የዳክዬውን የድሮ ካርቱን ያያሉ። ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ነው። ስዊድናዊ ይህ ሲነሣ በራሱ ይስቃል። የኛ ሰው ደግሞ አዳምጦ፣ አዳምጦ፣ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ከዚያማ ምንም የለም። ቀልዱ ያው ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከጉብኝቱ በፊት ነው የፈነዳው። «ቅዳሜ 9 ሰዓት ባቡር ጣቢያው መውጫ ላይ እንገናኝ» ብዬ መልእክት ላክሁ። በልቤ የነበረው የእኛ 9 ሰዓት ነው፣ 15፡00። ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስልክ ጮኸ። «ደርሰናል፣ የት ነህ?» ከኡፕሳላ የመጡ አራት ሰዎች በ09፡00 ደርሰው ውርጭ ላይ ቆመዋል። የቀሩት በእኔ 9 ሰዓት መጡ፤ ያውም ግማሾቹ ግማሽ ሰዓት አርፍደው፣ የሀበሻ ቀጠሮ የሚባል ሦስተኛ ሰዓት አለና። የኡፕሳላዎቹ ስድስት ሰዓት ሙሉ ካፌ ለካፌ ሲዞሩ ውለዋል። ሲያዩኝ አልሳቁም። አራት ሰው አኩርፎበት ቀልድ የሚጀምር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ሁልጊዜ ሁለቱንም እጽፋለሁ፦ «15፡00፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት»። ሰዓቱ ራሱ ግን ጥሩ ነበር። ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ፀሐይ ከ15፡00 በፊት ትጠልቃለች። መብራቱ እንዲታይ ብላችሁ አዛውንትና ሕፃን እስከ ማታ አታስጠብቁ።

በጠቅላላው ሠላሳ አንድ ሰው ሆንን። ብርዱ ከዜሮ በታች ስምንት። ስቱርቶርየት የሚባለው ዋናው አደባባይ ላይ ቀያይ የእንጨት ሱቆች ተደርድረው የገና ገበያ ነበር። ገና አፌን ከመክፈቴ ሰዉ ተበተነ። አንዱ የተቆላ ስኳር ለውዝ ጋ፣ አንዱ ሻማ ጋ፣ ልጆቹ ከረሜላው ጋ። እኔ ፋኖሴን ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። አንዲት ፈረንጅ እኔ ሻጭ መስያት «ፋኖሱ ስንት ነው?» አለችኝ።

ደግሞ ሌላ የረሳሁት ነገር አለ፤ ጾም ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ነው፤ የስዊድኖቹ ገበያ ግን ከገናቸው በፊት ያልቃል። ስለዚህ ገበያው ከነቋሊማው፣ ከነአይቡ፣ ከነቅቤ ኬኩ ከሞላ ጎደል ጾማችን ውስጥ ነው የሚወድቀው። እኔ ደግሞ «አሁን ሁላችንም ቋሊማ እንቀምሳለን!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ (ስማቸውን ልተወው፤ የማኅበሩ ሁሉ እናት ናቸው) ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ ሳብ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ሰይጣን ነው የላከህ?» አሉኝ። የዚያን ቀን የመጀመሪያው እውነተኛ ሳቅ ያ ነበር። የተሳቀው በእኔ ነው።

ለጾመኛ የሚሆነው የተቆላው ለውዝ ነው። ዝንጅብል ብስኩቱን ግን ሻጩን ጠይቁ፤ ቅቤ ያለበትም የሌለበትም አለ። ግሎግ የሚሉት ትኩስ ወይን አልኮል የሌለውም ይገኛል። እትዬ ቀምሰው «ሄሉን፣ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱን… ሻይ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ወይን ውስጥ ከተቱት እኮ! ሻይ አጥተው ነው?» አሉ። ከእኔ አሥራ ዘጠኝ ቀልዶች የእሳቸው አንዷ በለጠች። ያኔ ግን አልገባኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ ልምጣ።

ሰዉን እንደምንም ሰብስቤ አደባባዩ መሀል አቆምኩ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብዬ ጀመርኩ። ማለትም ዛሬ ብቀልድባችሁ እንዳትቀየሙኝ። ከዚያ የስቶክሆልምን እልቂት ማውራት ጀመርኩ። ኖቬምበር 1520 የዴንማርኩ ንጉሥ ክርስቲያን 2ኛ ከተማዋን ይዞ ዘውድ ጫነ። መኳንንቱን፣ ጳጳሳቱን፣ ነጋዴዎቹን ድግስ ጠራ። ሦስት ቀን ተበላ፣ ተጠጣ። ከዚያ የቤተ መንግሥቱ በር ተዘጋ። በማግስቱ ከሰማንያ በላይ ሰው እዚህ አደባባይ ላይ አንገቱን ተቀላ።

ያ ስዊድናዊ አስጎብኚ እዚህ ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ያደርግ ነበር። በሰው ቅርጽ የተጋገረ ዝንጅብል ብስኩት ከኪሱ ያወጣና ራሱን ቀጭ አድርጎ ይበላል። ሰዉ በሳቅ ይሞታል። እኔም ብስኩት ገዝቼ ነበር። አወጣሁ። ራሱን ቀጭ አደረግኩ። ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን ቀዩን ቤት አሳየሁ፤ ፊቱ ላይ ነጫጭ ድንጋዮች አሉት። «እያንዳንዱ ድንጋይ የአንድ የተቆረጠ ራስ ነው!» አልኩ እያኘክሁ።

ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። ትልልቆቹ ዝም። ከኋላ ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጠርዝ ሄዱ። ብስኩቱ አፌ ውስጥ ደረቀ። (በነገራችን ላይ የድንጋዮቹ ወሬ ተረት ነው። ድንጋዮቹ እዚያ የገቡት ከእልቂቱ መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ውሸት ተናግሬ ነው ሰው ያስከፋሁት።)

የቀረውን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። አንድ ልጅ መጸዳጃ ቤት ብሎ አለቀሰ፤ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ስልኬ በብርዱ ጠፋ። ስንጨርስ አሥራ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ሌላው ሳይሰናበተኝ ባቡር ይዞ ሄዷል።

ባርኔጣቸውን ዝቅ ያደረጉት ሽማግሌ፣ ጋሼ፣ ግን ጠበቁኝ። ባቡር ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ ሰው ናቸው። እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

«ልጄ፣ ወንድሜን ያገኘነው አደባባይ ላይ ነው። ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አልኩ።

«ልቆጣህ አይደለም። ተረትህን ግን ግማሹን ነው የተናገርከው። ‹በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ› ይባላል። የማይቆጣው ማነው? ጌታው ነው! እኛ አገር ገና ስንጫወት ግጥሙም ስድቡም የሚወርደው ባለ ርስቱ ላይ፣ ሹሙ ላይ ነበር። አመቱን ሙሉ አንገቱን የደፋ ሁሉ የዚያን ቀን ይናገራል። አንተ ግን ጌታውን ተውከውና የተቀሉት ላይ ሳቅህ። ንጉሡን ምነው አልነካኸው?»

ባቡሩ መጣ፤ ተነሥተው ገቡ። እኔ ሁለት ባቡር አሳልፌ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

በሚቀጥለው ዓመት አላደርገውም ብዬ ነበር። ያቺው እናት ለመነችኝ። ጋሼን ደውዬ «ካልመጡ አልሄድም» አልኳቸው። «ሞቅ ያለ ካልሲ ካለህ እመጣለሁ» አሉኝ።

አሥራ ዘጠኙን ቀልድ አጠፋሁ። ሰዉን አሥራ ሁለት ላይ ገደብኩት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ከኋላ ያለው አይሰማም፣ ያልሰማ ደግሞ ገበያ ይገባል። ጉብኝቱን ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ አሳጠርኩ፤ መሀል ላይ ሙቀት ያለበት ቤት ገብተን እንድናርፍ አደረግኩ፣ መጸዳጃውን አስቀድሜ አይቼ። ገበያውን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ ላይ ካደረጋችሁት ሰዉን መልሳችሁ አታገኙትም። አንድ ቦታ ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ አላቆምም፤ እግር ሲቀዘቅዝ ጆሮም ይዘጋል። ነፋሱን ደግሞ እናንተ በፊታችሁ ተቀበሉት፣ እንግዶቻችሁ ጀርባቸውን ይስጡት። ጫማ ላይ የሚታሰር ባለ ጥርስ ጎማ አለ፤ ለአዛውንት ሁለት ሦስት ጥንድ በቦርሳ ያዙ። ድንጋይ ንጣፍ ላይ በረዶ ሲተኛ ቀልድ አይደለም።

ቀልዱ ራሱ ምን ሆነ? ጋሼ እንዳሉት ወደ ላይ ወረወርኩት። ቤተ መንግሥቱ ጋ ቆምን። ከስድስት መቶ በላይ ክፍል አለው። ንጉሡና ንግሥቲቱ ግን ከ1981 ጀምሮ የሚኖሩት እዚህ አይደለም፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ሌላ ቤተ መንግሥት አላቸው። «እኛ ለሁለት ክፍል የኪራይ ወረፋ አሥር ዓመት እንቆማለን፤ እሳቸው ስድስት መቶ ክፍል አልበቃቸው ብሎ ቀየሩ» አልኩ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠብቅ ያረጀ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚህ ወረፋ ከዚያ ዕጣ የተመዘገበ አይጠፋም መሰለኝ።

አደባባዩ ላይም አልዘለልኩትም። ታሪኩን በቀስታ ተናገርኩ፣ ብስኩት የለም። ከዚያ የንጉሡን መጨረሻ ጨመርኩ፤ ያንን ያ ስዊድናዊ አልነገረንም ነበር። ክርስቲያን በሦስት ዓመት ውስጥ ስዊድንንም ዴንማርክንም አጣ። በ1532 ተይዞ ታሰረ፤ እስኪሞት ድረስ ሃያ ሰባት ዓመት ያህል አልተፈታም። «እንግዳ ጠርቶ በር የዘጋ ሰው፣ በሩ እሱ ላይ ተዘጋበት» አልኩ። ማንም አልተንከተከተም። ጋሼ ግን በአፍንጫቸው ፈገግ አሉ። ያቺን ነበር የፈለግኩት።

ቀጥሎ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋ ሄድን። ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኦክ እንጨትና ከኤልክ አጋዘን ቀንድ የተሠራ፣ በ1489 የተመረቀ ግዙፍ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ይታያል። መግቢያው በክፍያ ነው። ግን በዚያው ሰፈር፣ ሼፕማንብሪንከን በሚባለው ዳገት ላይ፣ በ1912 የቆመ የነሐስ ቅጂ አለ፤ እሱ በነጻ ነው። አስቀድሜ ምንም አልነገርኳቸውም። ጥጉን ስንዞር ፈረሱ፣ ጦሩ፣ ዘንዶው በበረዶ ተሸፍነው ብቅ አሉ።

እትዬ ጓንታቸውን አውልቀው አማተቡ። «የኛው ጊዮርጊስ! ምነው እዚህ ብርድ ላይ ምን ያደርጋል?»

ጋሼ ሳይዘገዩ «ጥገኝነት ጠይቆ ነው። ከ1912 ጀምሮ መልስ እየጠበቀ ነው» አሉ።

አንድ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ጥገኝነት ጠይቆ ደብዳቤ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ያን ቀልድ በሕይወቴ ልፈጥረው አልችልም ነበር። የእኔ ሥራ ሰዉን ጥጉ ጋ ማድረስና ዝም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየቦታው አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ዝም። ከገለባ የተሠሩትን የገና ፍየሎች ገበያው ላይ አሳይቼ «ዬቭሌ የምትባል ከተማ ትልቁን ይሠራሉ፣ ከ1966 ጀምሮ በተደጋጋሚ ሰው በሌሊት እየመጣ ያቃጥልባቸዋል» ስል፣ «ቢያርዱት ኖሮ አይቃጠልም ነበር» የሚል አይጠፋም።

ቋንቋውም ይረዳችኋል። ስዊድኖች መልካም ገና ሲሉ «ጉድ ዩል» ነው። ይህን ከአገር ቤት ለመጣ ሰው አስቀድማችሁ አትንገሩ። ሻጯ ፈገግ ብላ «ጉድ ዩል!» ስትላቸው «የምን ጉድ?» ብለው ወደ እናንተ ሲዞሩ ነው ማየት።

ትንሽ ያልጠበቅኩት ችግር ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ገጠመኝ። ሞርተን ትሮትሲግ የሚሉት መንገድ አለ፤ ሠላሳ ስድስት ደረጃ፣ እጅግ ጠባቡ ቦታ ላይ ዘጠና ሳንቲ ሜትር ብቻ። ፈረንጅ ሁሉ ያልፈዋል። እኛ አልቻልንም። መግቢያው ላይ ሽማግሌዎቹ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ አይገባም፣ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በእመቤቴ ይለፉ» ሲባባሉ ከላይ የሚወርዱት ቱሪስቶች ደረጃው ላይ ተኮልኩለው ቀሩ። አንዱ ወጣት በእንግሊዝኛ ጥል መስሎት «ሁሉ ሰላም ነው?» አለኝ። ስለዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ቅደም ተከተሉን እናንተ ወስኑ፤ በዕድሜ ጥሩ፣ አንድ በአንድ።

ማብቂያዬ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ማዶ፣ ከፊንላንዶች ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ትንሽ ግቢ አለች። እዚያ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ሰማይ የሚያይ የብረት ልጅ አለ። ቁመቱ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከእጄ መዳፍ አይበልጥም። ሰው ሳንቲም ይተውለታል፤ ክረምት ሲሆን የማያውቁት ሰዎች ኮፍያና ሻርፕ ሠርተው ያለብሱታል። እዚያ ቀልድ አልናገርም። ልጆቹ ጭንቅላቱን ይደባብሳሉ፣ ትልልቆቹ ለራሳቸው ያስባሉ፣ ከዚያ ወደ ባቡር።

ባለፈው ዓመት እትዬ በመጀመሪያው ጉብኝት ያዩትን አልረሱም ነበር። ከቦርሳቸው ትንሽ ነገር አወጡ። ከአሮጌ ነጠላቸው ጫፍ የተቆረጠች፣ አረንጓዴ ጥለት ያላት፣ ዙሪያዋ በመርፌ የተከፈፈች ጨርቅ ናት። ጎንበስ ብለው የብረቱ ልጅ ትከሻ ላይ አጣፉለት። ጥለቱን ወደ ፊት አዞሩና በጣታቸው አስተካከሉ። «አይዞህ» አሉት።

ከሳምንት በኋላ ለብቻዬ ሄጄ አየሁት። ነጠላው አለ። አንድ የማላውቀው ሰው ከላይ ቀይ የሱፍ ኮፍያ ደርቦለታል። ፎቶ አንሥቼ ለጋሼ ላክሁላቸው። «መኖሪያ ፈቃድ አገኘ ማለት ነው» ብለው መለሱልኝ።